የዘመናችን ሌባ ሻይ

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው በኑዛዜ ነው። አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከሁለት ዓመት በላይ የደከመችበት የመመረቂያ ጽሑፍ ውድቅ ይሁን በሚል ቃለ ጉባኤ ላይ ከፈረሙት አምስት መምህራን አንዱ እኔ ነበርኩ። የተቋሙንም ሆነ የልጅቱን ማንነት የሚጠቁም ነገር እዚህ አላሰፍርም፤ ጥፋቱን ግን ከራሴ አላርቅም። ከአምስታችን ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም። አንብቦት የነበረው አማካሪዋ ብቻ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ በዚያ ስብሰባ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ታዲያ በምን ፈረዳችሁ ትሉኝ ይሆናል። የፈረድነው አንድ ሶፍትዌር ባወጣው ቁጥር ነው። ሶፍትዌሩ «ከጽሑፉ ከግማሽ የሚበልጠው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ነው» አለ፤ እኛም አሜን አልን።

ተማሪዋ ተጠርታ ገባች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። በፌስታል ይዛ የመጣቻቸውን በእጅ የተጻፉ አራት ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «መምህሮቼ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው የእኔ ያልሆነው? አንዱን ያሳዩኝና ላስረዳ» አለች። ሰብሳቢው ቁጥሩን ደግሞ አነበበላት። እርሷም ጥያቄዋን ደገመች። ሰብሳቢውም ቁጥሩን ደገመ። ደብተሮቹን ከመካከላችን ማንም አልገለጣቸውም። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። የትኛው ዓረፍተ ነገር? ዛሬ ይህን የምጽፈው መልሱን ስላገኘሁ ነው፤ መልሱም «አናውቅም» የሚል ነው። እኛ አናውቅም፣ ሶፍትዌሩም አያውቅም። ባናውቅም ግን ፈረድን።

በአገራችን የቆየ አንድ የወንጀል ምርመራ ዘዴ ነበር። ሌባ ሻይ ይባላል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሌባ ሻዩ አቤት ሲል፣ ሌባ ሻዩ አንድ ለጋ ልጅ ያመጣና መድኃኒት ያጠጣዋል። ልጁ ሲሰክርና አእምሮውን ሲስት ወገቡን በገመድ ታስሮ በመንደሩ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ዕቃ ይከፍላል። ልጁ ለምን እዚያ ቤት ገባ? ማንም አይጠይቅም። ልጁም ቢጠየቅ አያውቅም። ሌባ ሻዩ ደግሞ «ያገኘው ልጁ ነው» ይላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ሌባ መያዙ አልነበረም። ትልቁ ጥቅሙ ማንም ተጠያቂ ሳይሆን ፍርድ እንዲሰጥ ማስቻሉ ነበር። ዘመናዊ አስተዳደር መጣና ሌባ ሻይ ቀረ። እኛ ዶክተሮች ደግሞ መልሰን አመጣነው፤ ልዩነቱ የእኛው ልጅ በኤሌክትሪክ መሥራቱ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሶፍትዌር የሚያደርገው ምንድን ነው? ከቆየው የቅጂ መለያ ሶፍትዌር ጋር ማምታታት አይገባም። የቅጂ መለያው «ይህ አንቀጽ ከዚህ መጽሐፍ ተወስዷል» ብሎ ምንጩን ያሳያል፤ ተማሪውም መምህሩም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ይመዝናሉ። ማስረጃው ከነምስክሩ ይቀርባል ማለት ነው። አዲሱ መለያ ግን የሚያሳየው ምንጭ የለውም። የሚሠራው በግምት ነው። አንድ ቃል ከሌላው ቀጥሎ ይመጣል ተብሎ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ያሰላል። ቃላቱ በቀላሉ የሚገመቱ፣ ዓረፍተ ነገሮቹም እኩል የተከረከሙ ሲሆኑ «ይህ የማሽን ነው» ወደሚለው ያዘነብላል።

የግምቱ ጥራት ምን ያህል እንደሆነ ከሠሪዎቹ አንደበት እንስማ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የራሱን መለያ አወጣ። በራሱ መፈተኛ ላይ መለያው ማሽን ከጻፋቸው ጽሑፎች 26 በመቶውን ብቻ እንደለየ፣ ሰው ከጻፋቸው ውስጥ ደግሞ 9 በመቶ የሚሆኑትን በስሕተት የማሽን ናቸው እንዳለ ኩባንያው ራሱ ገለጸ። በዚያው ዓመት በጁላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ከአገልግሎት አነሣው።

እስቲ በእነዚህ ቁጥሮች አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። 1,000 የመመረቂያ ጽሑፎች ቀረቡ እንበል፤ 100ው በማሽን፣ 900ው በሐቅ የተጻፉ ናቸው ብለን እናስብ። መለያው ከ100 አጭበርባሪዎች 26ቱን ይይዛል፤ 74ቱ ያመልጣሉ። ከ900 ንጹሓን ደግሞ 81ዱን ሌባ ይላል። እንግዲህ በኮሚቴው ፊት ከሚቆሙት 107 ተከሳሾች ውስጥ 81ዱ፣ ማለትም ከአራቱ ሦስቱ፣ ምንም ያላጠፉ ናቸው። ይህን ውጤት ያለው ዳኛ በየትኛው አገር ችሎት ይቀመጣል?

አሁን ያሉት የተሻሉ ናቸው የሚል አይጠፋም። ይሁን፤ የተሻሉ ናቸው እንበል። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ነው የተባለለትን የተርኒቲን መለያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሲያጠፋ ያቀረበው አንዱ ምክንያት ቀላል ነበር፦ በ2022 በሶፍትዌሩ ያለፉት ጽሑፎች 75 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ከነዚህ 1 በመቶው በስሕተት ቢወነጀል 750 ጽሑፎች ይሆናሉ። ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ 750 ሰው በሐሰት ልከስስ አልችልም ሲል፣ እኛ ግን የሰዉን ቁጥር እንኳ አልቆጠርንም።

የባሰው ግን ወደ እኛ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ሞከሯቸው። መለያዎቹ በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑትን በሐሰት የማሽን ናቸው አሉ። በአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰቶች ላይ ግን ስሕተታቸው እጅግ ጥቂት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚጽፈው በሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት፣ በተማራቸው ጥንቁቅ አሰካኮች ነው። የእኛን ተማሪ «ኢን ኮንክሉዥን» ብለህ ደምድም፣ «ፈርስትሊ» ብለህ ጀምር፣ ከቀመሩ አትውጣ እያልን ያሳደግነው እኛው ነን። አሁን ደግሞ ቀመሩን ስለጠበቀ ሌባ እንለዋለን።

ይኸው ጥናት አንድ ሌላ ነገርም አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ ድርሰቶች ለቻትጂፒቲ ሰጥተው ቃላታቸውን እንዲያበለጽግ ሲያደርጉ፣ የሐሰት ውንጀላው ወደ 12 በመቶ ገደማ ወረደ። ማለትም በማሽን ተጻፈ ከመባል የሚያድነው ማሽኑን መጠቀም ሆነ። ይህን ሳነብ ያቺ ተማሪ ትዝ አለችኝ። ጽሑፏን እንደገና ጽፋ እንድታመጣ ስድስት ወር ተሰጥቷት ነበር። አመጣችው፣ ሶፍትዌሩም ንጹሕ ነው አለ፣ አለፈች። ከምረቃው በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋትና እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። «ዶክተር፣ የመጀመሪያውን ራሴ ነበር የጻፍኩት» አለችኝ፤ ስለ ሁለተኛው ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኋት። የምንጠላውን ነገር በገዛ እጃችን አስተማርናት።

በዚያው ሰሞን የራሴን የዶክትሬት ጽሑፍ ለሶፍትዌሩ ሰጠሁት። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 30 ቀን 2022 ሲሆን፣ የእኔ ጽሑፍ ከዚያ በፊት ዓመታት ቀድሞ ታርሞ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነው። ሶፍትዌሩ ከምዕራፎቹ ሁለቱን የማሽን ሥራ ናቸው አለኝ። ክፍሌን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ልጅቱን ያየሁባት ዓይን ራሴን ሲያየኝ ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አወቅሁ። በእርሷና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት የተመረቅንበት ዓመት ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ፈተና ሲቀር፣ የእንግሊዝ የፈተና ተቆጣጣሪ ኦፍኳል የኤ ሌቭል ውጤትን በቀመር እንዲወሰን አደረገ። ቀመሩ የትምህርት ቤቱን የቀደሙ ዓመታት ውጤት ይመለከት ስለነበር፣ በደካማ ትምህርት ቤት የተማረ ጎበዝ ልጅ በማያውቃቸው ታላላቆቹ ውጤት ተመዘነ። በእንግሊዝ መምህራን ከገመቱት ውጤት 40 በመቶ የሚጠጋው ወደ ታች ወረደ። ልጆቹ አደባባይ ወጡ፤ ኦገስት 13 ቀን የተነገረው ውጤት ኦገስት 17 ቀን ተሻረ። በኔዘርላንድስ ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ ዜግነትን ጭምር የሚመዝን የአደጋ መለኪያ ሥርዓት ይጠቀም ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች የሕፃናት መንከባከቢያ ድጎማ አጭበርብራችኋል ተብለው ዕዳ ተቆለለባቸው፣ ትዳር ፈረሰ፣ ቤት ተሸጠ። ነገሩ ሲጋለጥ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 የማርክ ሩተ መንግሥት ሥልጣን ለቀቀ። ሁለቱንም ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ የተጎዳው ሰው «ለምን?» ሲል በመጀመሪያ መልስ የሚሰጠው አልነበረም።

እዚህ ላይ «ስለ ኃላፊነት የተሞላበት አጠቃቀም የወጡ መርሆዎች ሞልተዋል እኮ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እውነት ነው፣ ሞልተዋል። የኦኢሲዲ መርሆዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ወጡ። ዩኔስኮ በኖቬምበር 2021 በ193 አባል አገሮች ስም የሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብ አጸደቀ፤ የመጨረሻው ኃላፊነት ከሰው እጅ መውጣት እንደሌለበትም በግልጽ ይናገራል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በጃንዋሪ 2023 የአደጋ አመራር ማዕቀፍ አሳተመ። አይኤስኦ በዲሴምበር 2023 ቁጥር 42001 የተባለውን ደረጃ አወጣ። ሁሉንም አንብቤአቸዋለሁ፤ በብዙዎቹም እስማማለሁ። ነገር ግን አብዛኞቹ በፈቃድ ላይ የቆሙ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

በፈቃድ የተገባ ቃል ፈቃዱ ሲለወጥ ይለወጣል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ሠራተኞቹ ባመፁ ጊዜ ቴክኖሎጂውን ለጦር መሣሪያ እንደማያውል በመርሆዎቹ ጻፈ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ያንን አንቀጽ አነሣው። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባሳተመችው ጥናት የፊት መለያ ሶፍትዌሮች በነጭ ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ በታች ሲሳሳቱ፣ በጥቁር ሴቶች ላይ ግን ስሕተታቸው እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳየች። ከሁለት ዓመት በኋላ የጉግል የሥነ ምግባር ቡድን ተባባሪ መሪ ሳለች በአንድ ጥናት ምክንያት ከኩባንያው ወጣች፤ እርሷ ተባረርኩ አለች፣ ኩባንያው መልቀቂያዋን ተቀበልኩ አለ። የአሜሪካ መንግሥትም ቢሆን ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 2023 የፈረሙትን ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በአንድ ፊርማ ሻሩት። መርሆው ለመብት ካልተለወጠ የሚጠብቀው ባለቤቱን እንጂ ተጎጂውን አይደለም።

ከዚህ ለየት ያለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1 ቀን 2024 የጸናው ይህ ሕግ የተማሪን ውጤት የሚገመግሙ፣ በፈተና ጊዜም የተከለከለ ድርጊትን የሚከታተሉ ሥርዓቶችን ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ተርታ አስቀምጧል። የተከለከለውን የጣሰ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጩ 7 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። እንከን የለበትም አልልም፤ ለወታደራዊና ለብሔራዊ ደኅንነት ጉዳዮች በሩን ክፍት ትቷል። ይሁንና ትምህርትንና ፍርድን እንደ ቀላል ነገር አላያቸውም። የእኛ ኮሚቴ ግን በምሳ ሰዓት ጨረሰው።

በአገራችን ምንም የለም ማለቴ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የተማሪን ጽሑፍ ሳያስፈቅዱ ወደ ውጭ ኩባንያ ኮምፒዩተር መጫን ከዚህ አዋጅ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሚያስረዳኝ የሥራ ባልደረባ እስካሁን አላገኘሁም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የሚመለከተው ሰው ሳይሰማ፣ ምክንያትም ሳይገለጽ ውሳኔ እንዳይሰጥ ይፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክር የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እርግጥ ይህ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ወንጀል ክስ ነው። ነገር ግን የሰውን የሁለት ዓመት ልፋትና ስም የሚያጠፋ ፍርድ ከዚህ መንፈስ ውጭ መሆን አለበት የሚል ሕሊና የትኛው ነው?

ወደ ተቃውሞዎቹ ልለፍ። የመጀመሪያው «ተማሪዎቹ በእርግጥ ያጭበረብራሉ» የሚል ነው። አዎን፣ ያጭበረብራሉ። በዓለም ላይ የሌሉ መጻሕፍት የተጠቀሱበት ጽሑፍ በእጄ ገብቷል፤ ጸሐፊው ስለ ገዛ ምዕራፉ አንድ ጥያቄ መመለስ ሲያቅተው አይቻለሁ። ነገር ግን ያንን ያወቅሁት አንብቤና ጠይቄ እንጂ በሶፍትዌር አይደለም። አንድ መምህር አቅሙ ከሚፈቅደው በላይ ተማሪ እየተሰጠው፣ ረቂቅ ሳያይ፣ ሳያወያይ፣ በመጨረሻው ሳምንት ፋይሉን ለማሽን ሲሰጥ የሚጋለጠው የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። ሶፍትዌሩን የወደድነው ሌባ ስለሚይዝልን ሳይሆን፣ ከማንበብ ስለሚገላግለን ይመስለኛል። ይህን ስል ከሁሉ አስቀድሜ የምወቅሰው ራሴን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ድሃ አገር ነን፣ መጀመሪያ ቴክኖሎጂውን እንልመድ፣ ሕጉ ይደርሳል» የሚል ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። ጠበቃ መቅጠር፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መሄድ፣ ሁለት ዓመት መድገም የማይችል ሰው በሞላበት አገር፣ የሐሰት ፍርድ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሀብታም አገር ይበልጣል እንጂ አያንስም። ጥንቃቄ የሀብታም ቅንጦት አይደለም። የሚያንገዳግደውን ልጅ ወደ መንደር ከመልቀቃችን በፊት ገመዱን ማን እንደያዘ እንወቅ ነው የምለው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ውስጥ አምስት ነጥቦች ይግቡ። አንደኛ፣ ማንም ተማሪ በመለያ ሶፍትዌር ውጤት ብቻ አይቀጣ። ሁለተኛ፣ የተከሰሰ ተማሪ የተከሰሰበትን ዓረፍተ ነገር ይይ፣ ረቂቆቹንና ደብተሮቹን ያቅርብ፣ በቃልም ይጠየቅ፤ ኮሚቴውም የመግለጥ ግዴታ ይኑርበት። ሦስተኛ፣ ውሳኔውን ምክንያቱን ጽፎ በስሙ የሚፈርም ሰው ይኑር፤ «ሶፍትዌሩ አለ» የሚል ምክንያት ተቀባይነት አይኑረው። አራተኛ፣ ይግባኙን የሚሰማው መጀመሪያ የፈረደው ኮሚቴ አይሁን። አምስተኛ፣ ማንኛውም መለያ ከመገዛቱ በፊት ከ2015 ዓ.ም. በፊት በተጻፉ፣ በየቤተ መጻሕፍታችን በተደረደሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ይፈተን። በዚያን ዘመን ቻትጂፒቲ ስላልነበረ፣ ከነዚያ መካከል «የማሽን ነው» የሚባል በተገኘ ቁጥር ሐሰተኛው ምስክር ማን እንደሆነ ያለ ክርክር ይታወቃል። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ድፍረት ብቻ ነው። ግዴታውም ለተማሪ ብቻ አይሁን፤ የተማሪን ሥራ በማሽን የሚያርም መምህር ለተማሪው ያሳውቅ።

ይህን ቴክኖሎጂ በቋንቋችን «አስተውሎት» ብለን ሰየምነው። በአማርኛ ማስተዋል ማለት ማስላት አይደለም፤ ነገር ከመፍረድ በፊት ቆም ብሎ ከፊትም ከኋላም ማየት ነው። ያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የጠፋው ይህ ነበር፤ የጠፋውም ከማሽኑ ሳይሆን ከአምስታችን ነው። ከማሽኑማ ማን ጠበቀው?

አገራችን ሌባ ሻይ ብቻ አልነበራትም። ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው የሚሟገቱበት፣ «ተጠየቅ» የተባለ ሰው ባለጸጋም ቢሆን ሳይመልስ ዘወር የማይልበት፣ «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገደኛው ሳይቀር የሚቆምበት ወግም ነበራት። ሁለቱም የእኛው ቅርሶች ናቸው፤ የትኛውን እንደምንወርስ የምንመርጠው ግን እኛ ነን። ያቺ ተማሪ አራት ደብተር ጠረጴዛ ላይ አኑራ «የትኛው ዓረፍተ ነገር?» ስትል በአባቶቿ ቋንቋ «ተጠየቅ» ማለቷ ነበር። እኔ ያን ቀን አልተጠየቅሁም። ዘግይቼም ቢሆን ዛሬ ልጠየቅ፦ እኅቴ ሆይ፣ አናውቅም ነበር፤ ደብተሮችሽን መግለጥ ነበረብን።

በዚህ ዓመት በዚያው ኮሚቴ እንድቀመጥ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከላይ የዘረዘርኳቸው አምስት ነጥቦች ካልተጻፉ አልቀመጥም ብዬ መልሻለሁ። በየግቢያችሁ ተመሳሳይ ወንበር የቀረበላችሁ ባልደረቦቼ ደግሞ ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ የገዛ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለሶፍትዌሩ ስጡት።